«ሒዋር»፦ ከመተማ ቆላ የተረፈኝ የአንድ ቃል ዕዳ

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ግእዝ ግስ ለመናገር ነበር። ባለቤቴ «ሰው ምሳ በልቶ ነው የሚሰማህ» አለችኝ። ስለዚህ ግሱን ትቼ ስለ ቀለም ልናገር ነው፤ ያውም ስለ አንድ ቀለም ብቻ። ቃሉ አራማይክ ነው፤ «ሒዋር» ይባላል። በመጽሐፍ ቅዱስ የአራማይክ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ቁጥር 9 ላይ ይገኛል። ትርጉሙ «ነጭ» ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን ይህች ቃል የሠላሳ ዓመት ዕዳ አለባት፤ ዕዳውን የገባሁትም እኔ ነኝ።

በ1980ዎቹ (ዓ.ም.) ከስድስት ኪሎ በአማርኛ መምህርነት ስመረቅ ዕጣዬ ወደ መተማ ቆላ ወጣ። ጓደኞቼ አዘኑልኝ። ወባው፣ ሙቀቱ፣ ከአይከል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሁሉ ተነገረኝ። እናቴማ አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት አገር መሆኑን ሰምታ ስለነበር እኔም ለጦርነት የምሄድ መስሏት አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር ግን ከጎንደር ወጥቶ ሸኸዲ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጦር ሜዳ አይደለም። የሚያየው ሰሊጥና ጥጥ፣ ከብት፣ በአማርኛና በዓረብኛ እየተቀላቀለ የሚዋዋል ገበያ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ በጋለበት ሰዓት፣ ስለ ጥንታዊ ድርሰቶቻችን ሳስተምር መጽሐፈ ሄኖክን አነሣሁ። ምሳሌያዊ አጻጻፍ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከምዕራፍ 85 የሚጀምረውን የከብቶቹን ሕልም ተረክሁላቸው። የከብት አገር ልጆች ናቸውና ጆሯቸውን ሰጡኝ። መጀመሪያ ነጭ ወይፈን ከምድር ይወጣል፤ ቀጥሎ ጊደር ትመጣለች፤ ከዚያ ሁለት ጥጆች፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ጥቁሩ ቀዩን ይወጋዋል። አዳም፣ ሔዋን፣ ቃየል፣ አቤል መሆናቸው ነው። ቆይቶም ከነጩ በሬ ጋር ሦስት በሬዎች ይመጣሉ፤ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር። የኖኅ ልጆች ናቸው።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። የጉሙዝ ልጅ ነው፤ በክፍሉ ከነበሩት ሁለት የጉሙዝ ተማሪዎች አንዱ። «ቲቸር፣ ጥቁሩ በሬ የማን አባት ነው?» አለኝ።

ክፍሉ ሣቀ። ሣቁ ምን ዓይነት እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ደገኛው ቆለኛውን፣ በተለይም ጉሙዙን፣ በምን ስም ሲጠራ እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ምን አልኩ? «ምሳሌ ነው፤ ቁጭ በል» አልኩት። ተቀመጠ። ደወል ተደወለ። ልጁ ትምህርቱን አላቋረጠም፣ አልተጣላኝም፤ ግን ያን ዓመት ሁለተኛ እጁን አላወጣም።

እንግዲህ ቀለሙን መከታተል የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሄኖክን ይዤ ስነሣ ወደ ዳንኤል ወሰደኝ፤ ዳንኤል ደግሞ ወደ አራማይክ። ትንቢተ ዳንኤል ከምዕራፍ 2 ቁጥር 4 ጀምሮ እስከ ምዕራፍ 7 መጨረሻ የተጻፈው በዕብራይስጥ ሳይሆን በአራማይክ ነው። በዚህ ክፍል ሁለት የቀለም ስሞች አሉ። አንዱ «አርገዋን» ነው፤ ብልጣሶር ጽሕፈቱን ለሚያነብለት ሰው ሊያለብሰው ቃል የገባው ሐምራዊ ልብስ፤ ምዕራፍ 5 ላይ ሦስት ጊዜ ይጠራል። እሱ የሹመትና የገንዘብ ቀለም ነው፤ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣ። በ1909 (እ.ኤ.አ.) ፍሪድሌንደር የሚባል ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር፤ ለምን ንጉሥ ብቻ እንደሚለብሰው ይገባችኋል። ሁለተኛው የእኛ «ሒዋር» ነው።

ቁጥሩ በዘመናት የሸመገለውን፣ በግእዝ «ብሉየ መዋዕል» የምንለውን፣ በዙፋን ላይ ሲቀመጥ ያሳያል። ቃላቱን አንድ በአንድ ላስቆጥራችሁ። ልብሱ «ልቡሽ»፤ እንደ በረዶ «ከተላግ»፤ ነጭ «ሒዋር»፤ የራሱ ጠጉር «ስዐር ሬሽ»፤ እንደ በግ ጠጉር «ከዐማር»፤ ንጹሕ «ንቄ»። ግእዝ የቀመሰ ሰው ሳይተረጎምለት ግማሹን ይሰማል፤ ልብስ፣ ሥዕርት፣ ርእስ፣ «ከመ»። «ዐማር» ደግሞ የእኛው «ፀምር» ነው። አይመስልም አይደል? ግን ነው። በጥንቱ የሴም ቋንቋ የነበረ አንድ አስቸጋሪ ድምፅ በግእዝ ፀሐዩ «ፀ» ሆኖ ቀረ፤ በዕብራይስጥ «ጽ» ሆነ፤ በአራማይክ ግን መጀመሪያ ወደ «ቅ»፣ ኋላም ወደ «ዐ» ሄደ። ኤርምያስ 10፥11 በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ብቸኛ የአራማይክ ቁጥር ነው፤ እዚያ ውስጥ ምድር አንዴ «አርቃ» ሌላ ጊዜ «አርዓ» ተብላ ስትጻፍ ለውጡን በመንገድ ላይ እያለ ትይዙታላችሁ። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የምትሉ ወዳጆቼ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ዛሬ አልከራከራችሁም። ብቻ «ፀምር»ን በጸሎቱ «ጸ» የጻፈ ሰው ይህን የዝምድና ሰነድ ቀዶ እንደጣለ ይወቅ።

የቀሩትን ቃላት ማን ይሰማቸዋል? ከድልድዩ ማዶ፣ ጋላባት ያለው ሱዳናዊ። «ተላግ» ለእሱ «ተልጅ» ነው፤ በየቀኑ ውኃ የሚያቀዘቅዝበት በረዶ። «ንቄ» ለእሱ «ነጊ» ነው፤ የጠራ፣ ንጹሕ። «ሒዋር»ም በዓረብኛ ዘመድ አለው፤ «ሐወር» የዓይን ነጩ ከጥቁሩ ጎልቶ ሲታይ የሚባለው ነው፤ ልብስ አጥቦ ማንጣትም ከዚሁ ሥር ይወጣል። አንድ ቁጥር ለሁለት ተካፍለን እናነበዋለን ማለት ነው፤ ግማሹ በመተማ፣ ግማሹ በጋላባት።

እዚህ ላይ አንዲት የጎን ወሬ ልጨምር፤ ለሥነ ልሳን ሰዎች ናት። የክርስቶስን ደቀ መዛሙርት ቁርኣን «ሐዋሪዩን» ይላቸዋል። የጥንት ዓረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ከነጭነት ጋር አገናኙት፤ ነጭ ለባሾች ስለነበሩ ነው፣ ወይም ልብስ አጣቢዎች ስለነበሩ ነው እያሉ። በ1910 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ ቃሉ «ሐዋርያ» ከሚለው ግእዝ የተወሰደ መሆኑን አሳየ። የእኛ ሐዋርያ የሚመጣው «ሖረ» ከሚለው ነው፤ ሄደ፣ ተጓዘ። ፊደሉ አንድ፣ ሥሩ ሁለት። አንዱ የሚነጣ፣ አንዱ የሚሄድ። ድንበር ላይ የኖረ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም ይዞ ሲሻገር በየቀኑ ያያልና።

ቀለም ራሱም ይሻገራል፤ መተማ ሳለሁ ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። የሱዳን ሰው ጠይሙን «አኽደር» ይለዋል፤ መዝገበ ቃላቱን ካያችሁ «አረንጓዴ» ነው። በጣም ጥቁሩን «አዝረግ» ይለዋል፤ መዝገበ ቃላቱ «ሰማያዊ» ይላል። እንግሊዞቹ ሰማያዊ ናይል ያሉት ወንዝ በሱዳኑ አፍ «አዝረግ» ነው፤ እኛም በአማርኛ «ጥቁር ዓባይ» ስንለው ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ከሰውየው አፍ ጋር ተስማማን። እኛስ ብንሆን? «ቀይ ልጅ» የምንለው እንደ በርበሬ የቀላ ሰው አይደለም። ከብት ነጋዴው ደግሞ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ዳማ፣ ቡሬ እያለ ሲጠራ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ከብቱን ጭምር ነው የሚጠራው። የቀለም ቃል ከምን ዕቃ ጋር እንደታሰረ ሳይጠይቁ መተርጎም አደገኛ ነው።

ታዲያ «ሒዋር» ከምን ጋር ታሰረ? ከልብስ ጋር! በዳንኤል አራማይክ ነጭ የተባለው ልብሱ ነው። ጠጉሩ ነጭ አልተባለም፤ እንደ ንጹሕ ፀምር ነው የተባለው። ስለ ፊቱና ስለ ቆዳው አንድ ቃል የለም። ነጩ ከልብስ ወደ ጠጉር የዘለለው በትርጉም ነው። በጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ልብሱ «እንደ በረዶ» ብቻ ተባለና «ነጭ» የሚለው ቃል ወደ ፀምሩ ተዛወረ፤ «ነጭ ንጹሕ» ሆነ። ከዚያ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 1 ራሱም ጠጉሩም ነጭ ነው፤ በሄኖክ ምዕራፍ 46ም «ርእሰ መዋዕል» ራሱ እንደ ፀምር ነጭ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩዋቸው ሦስቱ ባለ ነጭ ጢም አረጋውያን የዚህ ጉዞ ውጤት ናቸው። ሠዓሊው አልተሳሳተም፤ ዮሐንስንና ሄኖክን ተከትሏል። ብቻ የዳንኤልን ቁጥር ስናነብ ሥዕሉን በላዩ ላይ እንዳንለጥፍ ነው።

በረዶውም ቢሆን ችግር አለበት። ራስ ደጀን ላይ በረዶ ሲያነጣ ያየ ሰው ምሳሌው ይገባዋል። መተማ ግን አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ በረዶ ደግሞ መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል?» ብሎ ጠይቆኛል። እሱ የሚያውቀው በጆንያ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈውን ነው። ልክ ነበር። ጥጥ ብለው ተርጉመውት ቢሆን ኖሮ ለዚያ ልጅ ያለ ማብራሪያ ይገባው ነበር፤ ደጃፉ ላይ ነው ያለው።

ነጩ ልብስ ደግሞ እዚያ አገር አይጠፋም። በገበያ ቀን ከደጋ የወረደው ጋቢና ነጠላ ለብሷል፤ ከማዶ የመጣው ጀለቢያ ለብሷል፤ ለባሹ ግን ጠይም ነው፣ ቀይ ዳማ ነው፣ ጥቁር ነው። «ሒዋር» የሚለውን ቃል በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ሄኖክ ልመለስ፤ የልጁ ጥያቄ የነበረው ከዚያ ነውና። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምናልባት የማታውቁት የመተማ ቆላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ድርሻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ጎንደሮች «ያዕቆብ» ያሉት፣ ጎንደር ሳለ የራስ ኤል ፊል ገዥ የሚል ሹመት ተሰጥቶት ነበር፤ ያ ግዛት የዛሬው የመተማና የጋላባት ቆላ ነው። በ1771 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከጎንደር ሲወጣም በዚሁ በኩል ወደ ስናር ወረደ። በ1773 አውሮፓ ሲደርስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ነበሩት። አንዱ ፓሪስ ገባ፤ አንዱ ኦክስፎርድ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ከኦክስፎርዱ ነው፤ ዲልማን በ1851 የግእዙን ጽሑፍ አሳተመ። መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ መሆኑ የተረጋገጠው ግን በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻ 4 ቁርጥራጮቹ ሲወጡ ነው፤ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። የከብቶቹ ሕልም ቁርጥራጮችም ከእነሱ ውስጥ አሉ። እኛ «ጸዐዳ» የምንለው በግሪኩ በኩል የመጣልን የዚያ የ«ሒዋር» ልጅ ነው።

ሕልሙን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። አንደኛ፣ ቀዩ ጥጃ አቤል ነው፤ ጻድቅ ነው፣ ነጭ ግን አይደለም። ቀለሙ የደሙ ነው። ሁለተኛ፣ የኖኅን ሦስት ልጆች በተመለከተ መጽሐፉ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ብሎ ይተዋል። የትኛው ሴም፣ የትኛው ካም፣ የትኛው ያፌት እንደሆነ ስም አይሰጥም። ስም የሰጡት በኋላ የመጡ አንባቢዎች ናቸው፤ የሰጡትም ለራሳቸው ጉዳይ ሲሉ ነው። ያን ቀን ክፍሌ ውስጥ የሣቁት ልጆች የሣቁት መጽሐፉ ባላለው ነገር ነበር።

ሦስተኛው ነገር ምዕራፍ 106 ላይ ነው። ኖኅ ሲወለድ ገላው እንደ በረዶ የነጣ፣ እንደ ጽጌረዳም የቀላ፣ ጠጉሩ እንደ ፀምር ነጭ ይሆናል። አባቱ ላሜኅ ምን አደረገ? ደስ አለው? ደንግጦ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሮጠ! ይህ ልጅ የሰው ልጅ አይመስለኝም፣ የመላእክት ወገን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነው ስሞታ ያቀረበው። ለደራሲው ነጭ ገላ የሰው ወግ ቢሆን ኖሮ ላሜኅ ምን አስሮጠው? በዚህ መጽሐፍ ነጭ ከሰማይ በኩል የሚመጣ ምልክት ነው፤ የጎረቤት መልክ አይደለም።

አራማይክ ተናጋሪዎቹም ቃሉን እንዲሁ ሲወስዱት ኖረዋል። በኋለኛው ዘመን፣ በባቢሎን ታልሙድ፣ ሊቃውንቱ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ «የጠራው መልስ ይህ ነው» ሲሉ የሚጠቀሙበት ቃል ከ«ሒዋር» ሥር የወጣ ነው። እኛም «ነገሩ ጠራ» እንላለን እኮ፤ ውኃም ይጠራል፣ ሰማይም ይጠራል፣ ጉዳይም ይጠራል።

ልጁን እንደገና ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለሌላ ጉዳይ ወደ ምዕራብ ጎንደር ወርጄ ገንዳ ውኃ አደርኩ። ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ጠና ያለ ሰው መጥቶ «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለ። ድምፁን አወቅሁት። አንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሥራውም ናሙና መመርመር ነው። ወሰደኝና አሳየኝ። ከጆንያው ናሙና ያወጣል፣ በመዳፉ ላይ ይዘረጋል፣ እፍ ይላል። የጎንደር ሰሊጥ በገበያ ስሙ ነጭ ነው፤ ቀርባችሁ ስታዩት ግን እንደ ቅቤ ነው፣ አልፎ አልፎም ቡኒ ያለበት ነው። «ነጭ የምንለው ከወለጋው ቀይ ለመለየት ነው» አለኝ። ከዚያ ቅጹን አሳየኝ፤ ለቀለም አንድ ቦታ አለው፣ ከአፈርና ከገለባ ለመጥራቱ ደግሞ ሌላ ቦታ። «ነጭ ሆኖ ቆሻሻ አለ፤ ቡኒ ሆኖ ንጹሕ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈ ሠራተኛ ይቀጣል።»

ቆሜ ቀረሁ። እኔ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስታገል የኖርኩበትን ነገር፣ «ሒዋር» አንድ ነው «ንቄ» ሌላ ነው የሚለውን፣ እሱ በየቀኑ በሁለት ሣጥን ይሞላዋል።

ዳንኤልን ነገርኩት፤ ልብሱንና ጠጉሩን፣ ስለ ቆዳ ምንም አለመባሉን። የኖኅ ልጆች ስም እንዳልተሰጣቸው ነገርኩት። ሰሊጡን በመዳፉ እያንከባለለ ሰማኝ። ከዚያ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ነገርኩት። የሕልሙ መጨረሻ፣ ምዕራፍ 90 ላይ፣ ነጭ በሬ ይወለዳል፤ ቀንዶቹ ትልልቅ ናቸው። ከዚያ የምድር አራዊትና የሰማይ ወፎች፣ አንበሳውም፣ ተኩላውም፣ ጅቡም፣ አሞራውም፣ የአሕዛብ ምሳሌ የተደረጉት ሁሉ፣ ወገናቸው ተለውጦ ሁሉም ነጭ በሬዎች ይሆናሉ። አንድም በዘሩ ውጭ የሚቀር የለም።

«ይሄን ያኔ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ።

«ደወል ተደወለ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ሣቀም አልሣቀም። «ቲቸር፣ እኔ የጠየቅሁት ደወል ሳይደወል ነበር» አለ። ከዚያ እጁ ላይ የነበረውን ሰሊጥ ወደ ሣህኑ መልሶ ቅጹን መሙላት ቀጠለ፤ እኔም እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።